እንግሊዝኛ ሳነበው ይገባኛል፤ ስልክ ላይ ግን ቃላቱ ይጠፉብኛል

የከዚራዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነው የምኖረው፤ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣ ዕቃ ነው የምንከታተለው። ኢሜይል ላይ ምንም ችግር የለብኝም። የሚላክልኝን አነባለሁ፣ መልስ እጽፋለሁ፣ ሥራው ይሄዳል። ስልክ ሲደወል ግን ጨንቆኝ ነው የማነሳው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የመርከብ ወኪል ደውሎ ሲያወራኝ የሰማሁት «ትራክ»፣ «ድሬዳዋ» እና «መንደይ» የሚሉትን ብቻ ነው። በመሃል ያለው «ልቢን» የሚል ነገር ሆነብኝ። በጽሑፍ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ላከው። «ዘ ትራክ ዊል ቢ ኢን ድሬዳዋ ኦን መንደይ» ይላል። እንዴ! እያንዳንዱን ቃል እኮ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ አንድ ፎርም ሲነግረኝ «ፊሊቲን፣ ፊሊቲን» ይለኛል። የሆነ የጉምሩክ ቃል መስሎኝ ትርጉሙን ስፈልግ ዋልኩ።

በተቃራኒውም አለ። «አይ ካን ሴንድ ኢት ቱዴይ» አልኩት፤ ዛሬ እልከዋለሁ ማለቴ ነው። እሱ ግን «ታዲያ መቼ ትችያለሽ?» ብሎ መለሰልኝ። ምን እንደሰማ እስካሁን አልገባኝም።

አንዷ ጓደኛዬ የአሜሪካ አክሰንት የሚያስተምር ኮርስ ውሰጂ ትለኛለች። ከመክፈሌ በፊት የሚያውቅ ሰው ይምከረኝ። እነሱ ፈጥነው እየተናገሩ ነው ወይስ የኔ ጆሮ ነው?

የነምበር ዋን ልጅ

አቦ ለኮርስ ብር አታውጪ። ፊልም እይ። መጀመሪያ ከነጽሑፉ፣ ቀጥሎ ጽሑፉን አጥፍተሽ ያንኑ ቦታ ድገሚው። እኔ በዚህ ነው ጆሮዬ የተከፈተው።

መምህር ከሳቢያን

እህቴ፣ ጆሮሽ ጤነኛ ነው። እንዲያውም ትክክለኛዎቹን ሦስት ቃላት ነው የያዝሽው። ሰውየው ራሱ ጉልበቱን ያወጣው እነዚያ ሦስቱ ላይ ነው። የቀረውን ጨፍልቆ አለፈው። ፈጠነ ከማለት ይልቅ የሚያስጮኸውንና የሚያደበዝዘውን መረጠ ብንል ይሻላል።

እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ይህ ጉዳይ ያንገበግበኛል። ልጆቻችን እንግሊዝኛን የሚማሩት በዓይን ነው። ሰሌዳ ላይ ቃላቱ ተለያይተው ይጻፋሉ፣ ተማሪው አንድ በአንድ እያነሳ ያነባቸዋል፣ ጎበዝ ይባላል። ሰው ሲናገር ግን በቃልና በቃል መካከል ክፍተት የሚባል ነገር የለም። ይህን ማንም ሳይነግረው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይጨርሳል።

ከስትረስ፣ ማለትም ከቃሉ አንዱን ክፍል ጫን ብሎ ከመናገር ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከሱ ነው።

በአማርኛ ለእያንዳንዱ የቃል ክፍል ተቀራራቢ ጊዜ እንሰጣለን። «አስተማሪዎቻችን» ስትዪ ከመሃል የሚዋጥ ክፍል የለም። እንግሊዝኛ ላይ ግን ከቃሉ አንዱ ክፍል ይጎላል፣ ይረዝማል፣ ብዙ ጊዜም ድምፁ ከፍ ይላል። የቀሩት ይኮሰምናሉ። ዓረፍተ ነገሩም እንደዚያው ነው። ስም፣ ዋና ግስ፣ ቅጽል፣ ቁጥር ይጎላሉ። «ዘ»፣ «ቱ»፣ «ኦፍ»፣ «ዊል»፣ «ካን» የመሳሰሉት ይኮሰምናሉ። ባቡር ትልልቁ ጣቢያ ላይ እየቆመ ትንንሾቹን በሩጫ እንደሚያልፈው ማለት ነው።

በእጅሽ ሞክሪው። ጠረጴዛውን በእኩል ምት እየመታሽ «ትራክስ፣ ካሪ፣ ኮፊ» በዪ። ሦስት ምት ነው። ቀጥለሽ «ዘ ትራክስ ካሪ ዘ ኮፊ» በዪ። ምቱ ያው ሦስት ነው። አሁን «ዘ ትራክስ ዊል ቢ ካሪይንግ ዘ ኮፊ» በዪ። ቃሉ በዛ እንጂ ምቱ አልጨመረም። «ዘ»፣ «ዊል» እና «ቢ» በምቶቹ መካከል ተጠጋግተው መግባት አለባቸው። ለመግባት ደግሞ መኮማተር አለባቸው። ኬኔት ፓይክ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር በ1945 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛን በስትረስ ምት የሚሄድ ቋንቋ ብሎ ገልጾት ነበር። በኋላ በመሣሪያ ሲለካ በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ እንደተባለው እኩል ሆኖ አልተገኘም። ለልምምድ ግን ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ ተማሪዎቼን አሁንም ጠረጴዛ አስመታቸዋለሁ።

ሲኮማተሩ አናባቢያቸው ምን ይሆናል? እዚህ ላይ የኛ ፊደል ትልቅ እርዳታ አለው። የቋንቋ ሰዎች ይህን የኮሰመነ አናባቢ «ሽዋ» ይሉታል። በእንግሊዝኛ ንግግር ውስጥ ከእሱ የበለጠ የሚደጋገም አናባቢ የለም። ነገር ግን በላቲን ፊደል የራሱ መጻፊያ የለውም። አንዴ በኤ፣ አንዴ በኢ፣ አንዴ በኦ ይጻፋል፤ ዓይን ይታለላል። እኛ ግን ከነ«ሀ» እና «አ» በቀር የግዕዙ ረድፍ በሙሉ ለሱ የተዘጋጀ ያህል ነው። «ለ»፣ «በ»፣ «መ» ስትዪ የምትሰሚው አናባቢ ለሽዋ በጣም ቅርብ ነው። እንግዲህ «ቱ» ሲኮሰምን «ተ» ይሆናል። «ፎር» «ፈር» ይሆናል። «ኦፍ» «ኧቭ» ይሆናል። «ካን» ደግሞ «ከን»።

ሰውየው ለምን እንዳልተረዳሽ አሁን ይገባሻል። «እችላለሁ» ለማለት «አይ ከን ሴንድ ኢት» ይላሉ፤ «ከን» ሾልኮ ያልፍና ጉልበቱ «ሴንድ» ላይ ያርፋል። «አልችልም» ሲሉ ግን «ካንት» ራሱ ይጎላል፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ት» ብዙ ጊዜ አትሰማም። ስለዚህ የእነሱ ጆሮ ሁለቱን የሚለየው በአብዛኛው በአናባቢውና በጉልበቱ ነው። አንቺ ግልጽ ይሁን ብለሽ «ካን» የሚለውን ጫን ስትዪው እምቢ ያልሽ መሰለው። እቃ ይላካል አይላክም በሚባልበት ሥራ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላውን ሁሉ ለነገ ብታሳድሪው እንኳ ይህን ዛሬ አስተካክዪው።

አሁን ወደ «ፊሊቲን»። አንዱ ቃል በተነባቢ ካለቀና ቀጣዩ በአናባቢ ከጀመረ ይያያዛሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይህ አይታይም። በኛ ፊደል ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጻፊው፦ ፊል፣ ኢት፣ ኢን። የመጀመሪያው ያለቀው በሳድሷ «ል» ነው። ቀጥሎ «ኢ» መጣች። «ል» እና «ኢ» ሲገጥሙ «ሊ»። «ት» እና «ኢ» ሲገጥሙ «ቲ»። ፊሊቲን። ሙላው ማለቱ ነው፤ ፎርሙን። በዚሁ መንገድ «ፒክ ኢት አፕ» «ፒኪታፕ» ይሆናል። «ሉክ አት ኢት» ላይ መሃለኛው ቃል መጀመሪያ ይኮሰምናል፣ ከዚያ ይያያዛል፣ «ሉከቲት» ይሆናል። በየቀኑ የምትሰሚው «ቢል ኦፍ ሌይዲንግ»፣ የመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ «ቢለቭሌይዲንግ» ነው። አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ በሁለት አናባቢ መካከል ያለችውን «ት» ወደ «ድ» ያስጠጋታል፤ «ጌት ኢት» «ጌዲት» ይሆናል።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚራ ላይ ቆሞ «የት አለህ?» ብሎ ለያይቶ የሚጠይቅ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? «የታለህ» ነው የምንለው። «ምን አገባህ» ብሎ የሚጣላ የለም፤ «ምናገባህ» ነው። አማርኛ የሚማር እንግዳ «የታለህ»ን መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢፈልገው አያገኘውም።

በጣም የምወደውን ልንገርሽ። «ዲድ ዩ» ሲፈጥን «ዲጁ» ይሆናል። «ሚት ዩ» «ሚቹ»፣ «ሚስ ዩ» «ሚሹ» ይሆናል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ግራ ይጋባሉ። ከዚያ ወንድን የምናዝዝበትን ወደ ሴት እንዲቀይሩ አደርጋቸዋለሁ። ውሰድ፣ ውሰጂ። ክፈት፣ ክፈቺ። ልበስ፣ ልበሺ። «ድ» ወደ «ጅ»፣ «ት» ወደ «ች»፣ «ስ» ወደ «ሽ»። እዚያም እዚያም ምላስ ወደ ላንቃ ስለሚሳብ ነው። አፋችን ይህን ሕግ ከእናታችን ቤት ጀምሮ ያውቀዋል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ጽሑፉ አብሮት ያለ አጭር ንግግር ፈልጊ፤ ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ ላይ በነፃ ሞልቷል። ጽሑፉን ሳታዪ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እየደጋገምሽ ስሚ። የሰማሽውን በአማርኛ ፊደል ጻፊው፤ ትርጉም አይስጥ፣ ግድ የለም። «ትራክልቢን» ከሆነ የተሰማሽ «ትራክልቢን» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ጽሑፉን አውጥተሽ አመሳክሪ። የትኛው ቃል ኮሰመነ? የትኛው ተያያዘ? አንዷን ዓረፍተ ነገር እስክትበቃሽ አኝኪያት። የነምበር ዋኑ ልጅ ያለውን አልቃወምም። ፊልም ግን ረጅም ነው፤ ታሪኩ ይወስድሽና ድምፁን ትረሺዋለሽ።

የአክሰንቱን ኮርስ ተዪው። የአሜሪካን «ር» ማጠፍ ስልክ ላይ ያለውን ሰው እንድትሰሚው አያደርግሽም።

ጀጎል አስጎብኚ

መምህር፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ ሐረር አስጎብኚ ነኝ፤ ያሉት ሁሉ በየቀኑ የሚገጥመኝ ነው። ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት ስንሄድ አንድ እንግሊዛዊ እንግዳ ሥጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት እያየ «ከናይፊዲም?» አለኝ። «ካን አይ ፊድ ሂም» ማለቱ ነው። «ሂም» ውስጥ ያለችው «ህ» ጭራሽ የለችም። እንግሊዞቹ እንዲህ ናቸው። ጣሊያኖችና ስፔኖች እንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን እንደኛው ክፍል በክፍል ነው የሚሄዱት፤ አንድም ቃል አያመልጠኝም።

ፎቶ የሚለውን ቃል ልጨምር፤ መዝገበ ቃላት ላይ ከጎላው ክፍል በፊት የምትቆመውን ትንሽ ጭረት እጠቀማለሁ። ሥዕሉ «'ፎተግራፍ» ነው። ሰውየው «ፈ'ቶግረፈር» ነው። ቅጽሉ «ፎተ'ግራፊክ»። ስትረሱ ቦታ ሲቀይር ፎ ፈ ይሆናል፣ ተ ቶ ይሆናል። «ፎቶግራፈር» ብዬ መጀመሪያውን ስጫን እንግዶች ቆም ብለው ያስባሉ። ቦታውን ሳስተካክል ወዲያው ይገባቸዋል።

ቁጥር ላይ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጊ እህቴ። የጀጎል ግንብ በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ እናገራለሁ። «ሲክስቲን» ስል ኋላውን፣ «ሲክስቲ» ስል ፊቱን እጫናለሁ። ይህቺ ብቻ ብዙ ጥያቄ ቀንሳልኛለች።

የለገሃሬ ሰው

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ከደረሰ ጀምሮ እዚህ ሰፈር የፈረንጅ ቋንቋ ማለት ፈረንሳይኛ ነበር፤ ቤታችንም ይነገር ነበር። ፈረንሳዮችም ያያይዛሉ። ጓደኞች ለማለት «ሌ» እና «አሚ» ብለው ይጽፋሉ፣ «ሌዛሚ» ብለው ያነባሉ። ስትረሳቸው ግን ሐረጉ መጨረሻ ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚህ ነው የኛ ሰፈር አባቶች እንግሊዝኛ ሲናገሩ መጨረሻውን የሚጫኑት። ጅቡቲ የምትደውይላቸው ሰዎችም በፈረንሳይኛ የተማሩ ብዙ ናቸውና ይህን ልብ በይ።

የከዚራዋ

መምህር፣ ሁላችሁም፣ በጣም አመሰግናለሁ። ያሉትን የጽሕፈት ልምምድ ጀምሬዋለሁ። «ኖተቶል» የሚል ጻፍኩና ጽሑፉን ሳወጣው «ኖት አት ኦል» ሆኖ አገኘሁት፤ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አዲስ ቃል ሲገጥመኝ ስትረሱ የት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ደግሞስ እኔም ስናገር እንደነሱ ላያይዝ ወይስ ለያይቼ ልናገር?

መምህር ከሳቢያን

የመጀመሪያው ሙሉ መልስ የለውም። እንግሊዝኛ ስትረሱን በጽሑፍ አያሳይም፤ እኛም ጥብቀትን እንደማንጽፈው ነው። «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉን ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለውን የሚለየው አንባቢው ነው። ስለዚህ አዲስ ቃል ስትይዢ ከነጭረቱ ያዢው። አስጎብኚው ያላት ጭረት የስልክ መዝገበ ቃላት ላይም አለች።

ግን የሚታመኑ አንዳንድ ነገሮች አሉ። በ«ሽን» የሚያልቁ ረጃጅም ቃላት ስትረሳቸው ከ«ሽን» በፊት ባለው ክፍል ላይ ነው። ዴክለ'ሬይሽን፣ ኢንስ'ፔክሽን፣ ኢንፈር'ሜይሽን። አንቺ ቢሮ ውስጥ ይህ ብቻ ግማሽ መንገድ ያደርስሻል። በ«ኢቲ» የሚያልቁትም እንደዚሁ ናቸው፤ ከ'ፓሲቲ፣ 'ኳንቲቲ። ሌላው ስምም ግስም የሚሆኑት ናቸው። ስም ሲሆኑ ፊታቸው፣ ግስ ሲሆኑ ኋላቸው ይጎላል። ወረቀቱ «'ፐርሚት» ነው፣ መፍቀድ «ፐር'ሚት» ነው። «ኢምፖርት» እና «ኤክስፖርት»ም በዚህ ይሄዳሉ። ሁሉም ቃል ግን እንዲህ አይደለም፤ «ሪ'ፖርት» ስምም ሆነ ግስ ኋላው ነው የሚጎላው። በየወደቡ የምንጠራው «ኮንቴይነር» ደግሞ እነሱ ዘንድ «ከን'ቴይነር» ነው፤ መጀመሪያው ኮስምኖ መሃሉ ይጎላል።

ሁለተኛው ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ለመስማት ማያያዙን እስከ ጥግ ተማሪው። ለመናገር ግን አትጨነቂበት። የለገሃሬው ወንድማችን እንዳሉት የምታወሪያቸው ብዙዎቹ እንግሊዝኛን እንዳንቺው የተማሩ ናቸው። ለእነሱ የተለያየ፣ የጠራ ንግግር ነው የሚቀለው። «ፊል ኢት ኢን» ብለሽ ለያይተሽ ብትናገሪ ማንም አይሳሳትም። የቃል ስትረስን ከሳትሽ ግን ይሳሳታሉ፤ ከእንግሊዝ የመጣውም ይሳሳታል። ዋናውን ቃል ጫን በዪ፣ ከፊቱ ትንሽ ቆም በዪ፣ «ከን» እና «ካንት»ን ለዪ። ይበቃሻል።

አስጎብኚው ወንድሜ ስለ ቁጥር ያለው ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። «ፊፍ'ቲን» ብቻውን ሲሆን ኋላው ይጎላል። ስም ከተከተለውና የስሙ መጀመሪያ ጎላ ያለ ከሆነ ግን ስትረሱ ወደ ፊት ይመጣል። «'ፊፍቲን 'ትራክስ»፣ «'ሲክስቲንስ 'ሴንቸሪ»። ያኔ ከ«ፊፍቲ» የሚለየው የ«ቲን» መርዘምና መጨረሻዋ «ን» ብቻ ነው። ስልክ መስመር ላይ ይህቺ «ን» በቀላሉ ትጠፋለች። ስለዚህ የመኪና ወይም የቶን ቁጥር ሲነግሩሽ በስትረስ ብቻ አትመኚ። «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ወደብ ላይ የሚሠሩ ሰዎች እርስ በርሳቸውም እንዲህ ይጠያየቃሉ፤ ማንም አይታዘብሽም።